ሦስት ዓይነት ላብ

እህቴ ካይሱ ስኳር ሲይዛት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። አሁን አርባ ሰባት ሞልቷታል። በመንደራችን ትምህርት ቤት ለመቶ ሃያ ልጅ ምሳ ታበስላለች፤ የተቀቀለ ድንች በዓይኗ አይታ ስንት ኢንሱሊን እንደሚፈልግ ትናገራለች። መርፌውን ትታ ፓምፕ ከያዘች ስድስት ዓመት ሆናት። የመዳፍ ግማሽ የምታህል ሣጥን ናት፤ ቀጭን ቱቦዋ ሆዷ ላይ ይሰካል፤ ቀን ከሌት ኢንሱሊኑን ጠብ ጠብ ታደርጋለች። «የሰው ቆሽት ሆዱ ውስጥ ነው፣ የኔ ቀበቶዬ ላይ» ትላለች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራው የኖረችው በሽታ ግን ዘንድሮ በረዶው ሳይቀልጥ ጠባዩን ለወጠ። የወር አበባዋ ሁለት ወር ይጠፋና ሳይታሰብ ይመጣል። ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ስኳሯ ይሰቀላል፤ በመጣ ማግስት ይወድቃል። ማረጥ እንዲህ ነው አሉ። ወላፈኑ ደግሞ አለ። ድስት እያማሰለች ከደረቷ ተነስቶ እስከ ግንባሯ እሳት ይለቅባትና በላብ ትጠመቃለች። ስኳሯ ሲወርድም የሚያልባት ያው ላብ ነው። ድሮ ላብ ሲያጠምቃት ሳትጠራጠር ጭማቂ ትጠጣ ነበር። አሁን የትኛው ላብ የምን እንደሆነ በምን ትወቀው?

የስኳር ነርሷ ፓምፑ ላይ ሁለት መጠን ሞላችላት፤ አንዱ ለደህናው ጊዜ፣ ከፍ ያለው ለክፉው ሳምንት። ካይሱ ማረጧን «ጠንቋይዋ» ስለምትል ሁለተኛውን «የጠንቋይዋ መጠን» ብላ ሰየመችው።

በሰኔ አጋማሽ ዓርብ ዕለት እሷ፣ እኔና የሰባት ወር ልጄ ሐይቁ ዳር ወዳለችው የእንጨት ጎጇችን ሄድን። ባሌ እሑድ ሊመጣ ነበር። እንደደረስን ሳውናውን፣ ላብ የምንታጠብበትን የእንጨት ቤት፣ አሞቅን፤ ተራ በተራ ገባን፤ ዓሣ ጠብሰን በላን። ቅዳሜ ጠዋት ስኳሯ አሥራ ሰባት። ስድስትና ሰባት ሲሆን ነው ደስ የሚላት።

«መጣችልሽ ጠንቋይዋ» አለች ፓምፑን እየነካካች።

«ቱቦው ታጥፎ እንዳይሆን?»

«ሄታ፣ አንቺ የልጅሽን ዳይፐር ቀይሪ። ቆሽቴን ለኔ ተይልኝ።»

ከፍ ያለውን መጠን ከፈተች። እኩለ ቀን ላይ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። መጠኑን እንደገና ጨመረችበት። አፏ ደርቆ ውሃ በውሃ ላይ ትጠጣለች፣ ትነጫነጫለች፣ ልጄ ስታለቅስ ጆሮዋን ትይዛለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፓምፑ ኢንሱሊን አለቀ፤ ከማቀዝቀዣ አዲስ አውጥታ ሞላች። ከዚያ አንድ ትልቅ መጠን በአንዴ ለቀቀች።

«ይሄም ካላወረደው ቄሱን ጥሪልኝ» አለች።

«ቄሱ ምን ያደርግልሻል?»

«ቢያንስ ቡና ይጠጣል።»

አሥር ሰዓት ላይ ሳውናው ደረሰ። ሙቀት ስለሚያበላሸው ስልኳን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተወችው። ክንዷ ላይ የተለጠፈችው መለኪያ ስኳሯን የምትነግራት በዚያ ስልክ ነው። ፓምፑንም ስትገባ ነቅላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ ካለው ማንጠልጠያ ትሰቅለዋለች፤ ስድስት ዓመት የሠራችበት ዘዴ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ልጄን እያጠባሁ ቀረሁ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ከውስጥ ጮኸ። አንዴ ጮኾ ዝም ይላል ብዬ ነበር፤ አላቆመም። ልጄን እንደታቀፈች ይዣት ገባሁ። ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ይላል፤ አጠገቡ ሁለት ቀስት ወደ ታች።

«ካይሱ!» ብዬ በመስኮት ጮኽኩ። መልስ የለም።

ልጄን በረንዳው ላይ ባለው ጋሪዋ አሰርኳት፣ የጎማውን ፍሬን ረገጥኩ። አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ የፍሬ ጭማቂ አነሳሁ፤ ራሷን ከሳተች አፍንጫዋ ውስጥ የሚነፋውን፣ ስኳር የሚያነሳ መድኃኒት ያለበትን ቢጫ ብልቃጥ ኪሴ ከተትኩ። ልጄ ማልቀስ ጀመረች። ትቻት ሮጥኩ።

ሳውናው በሩ ተከፍቷል፤ ውስጥ ማንም የለም። ፓምፑ ተሰቅሏል። ትፈልገው ይሆናል ብዬ ላነሳው ስነካው ጣቴን አቃጠለኝ። መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ፤ ግድግዳውም ይፋጃል። በመጋቢት የቀየርነው አዲሱ ምድጃ ከአሮጌው ይበልጣል፣ የተተከለውም ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነው። ትናንትም እዚሁ ነው የሰቀለችው። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ፦ የጠዋቱ ስኳር የጠንቋይዋ አልነበረም፤ ኢንሱሊኑ ትናንት በሙቀት በስሎ፣ ኃይሉን አጥቶ አድሮ ነው። እሷ ግን ሰውነቴ ነው ብላ መጠኑን ሁለት ጊዜ ጨመረች፣ ከዚያ ደህናውን ኢንሱሊን ሞልታ በዚያው ላይ ለቀቀችው። የሳውናው ሙቀት ደግሞ ሰውነቷ ውስጥ የገባውን ቶሎ እንዲሠራ ያደርገዋል።

ውሃው ዳር ስደርስ ካይሱ ከእንጨት መረማመጃው ጫፍ፣ ደረቷ ድረስ ሐይቁ ውስጥ ቆማለች። በአንድ እጇ መሰላሉን ይዛለች። ፊቷ ነጭ ነው፤ ላቧ ከውሃው ተለይቶ ይታያል።

«ውጪ! ስኳርሽ ወርዷል!»

«ወላፈኑ ነው» አለች ምላሷ እየተጎተተ። «ተይኝ ልቀዝቅዝ።»

«ወላፈን አይደለም። ስልክሽ እየጮኸ ነው።»

«ሳውና ገብቼ ካላላበኝ የት ገብቼ ሊያልበኝ ነው? አንቺ ደግሞ ሁሉን አውቃለሁ ማለት ከልጅነትሽ...» ንግግሯን ሳትጨርስ ወዲያ ማዶ አየች። «ልጆቹ ተሰልፈዋል። ሾርባው አልወጣም።»

እጇ ከመሰላሉ ላይ ተንሸራተተ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ። ቅዝቃዜው ትንፋሼን ቆረጠው። ካይሱ ከኔ ትከብዳለች፤ ጎትቼ እንደማላወጣት አውቃለሁ። ጀርባዋን መሰላሉ ላይ አስደግፌ በሰውነቴ ገፍቼ ያዝኳት፣ ጠርሙሱን በጥርሴ ከፈትኩ።

«ጠጪ።»

«አልጠጣም፤ አሥራ ዘጠኝ ነው።»

«አሥራ ዘጠኝ እኩለ ቀን ላይ ነበር።»

«ውሸታም!»

«እሺ ውሸታም ነኝ። አንዴ ብቻ ተጎንጪና ከዚያ ስደቢኝ።»

ሰደበችኝ፤ በሰው ፊት የማይደገም ስድብ ነው። ግን አፏን ለስድብ ስትከፍት ጠርሙሱን ከንፈሯ ላይ አስጠጋሁት። መዋጥ ትችላለች? ዋጠች። ደግማ ዋጠች። ከበረንዳው የልጄ ለቅሶ ይሰማኛል፤ እያለቀሰች እስከሆነ ድረስ ደህና ናት እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። አምቡላንስ ከከተማ እዚህ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል። ስልኩም እኔ ዘንድ የለም። ያለኝ ጠርሙሱና ኪሴ ያለው ብልቃጥ ብቻ ነው።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላውቅም፤ እግሬ ደንዝዟል። ከዚያ ካይሱ ቀና ብላ አየችኝና «ልብስሽን ለብሰሽ ውሃ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጣ። «ውጪ አልኩሽ» አልኳት። መሰላሉን በራሷ እግር ወጣች፤ እኔ ከኋላ እየገፋኋት።

በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ አለበስኳት፣ ልጄን አቅፌ ጡት ሰጠኋት፣ የካይሱን ጣት ወግተን ለካን። ሁለት ነጥብ ስምንት። ቀሪውን ጭማቂ ጨለጠችው። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ሦስት ነጥብ ስድስት፤ ማር የተቀባ ዳቦ በላች።  ከዚያ የግድግዳውን ነገር ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች።

«ስድስት ዓመት እዚያው ሰቅዬ...»

«ምድጃው ሌላ ነው ዘንድሮ።»

«ሦስት ወር ሙሉ የሆነውን ሁሉ በማረጤ ሳላክክ ከረምኩ ማለት ነው?» አለች። ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ሄታ፣ ላቡን መለየት አልቻልኩም። እኔ! ፈራሁ።»

ካይሱ «ፈራሁ» ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፓምፑ ውስጥ የነበረውን ኢንሱሊን ደፋን። ስኳሯ አምስት ነጥብ ሰባት ደርሶ ቀስቱ ሲቃና አዲስ ሞላች፤ ከመሰካቷ በፊት ግን ወደ ደህናው መጠን መለሰችው፤ እኔም ቁጥሩን እንዳነበው ወደ እኔ አዞረችው። እስከዚያ ቀን የፓምፗን ቁጥር ለእናታችን እንኳ አታሳይም ነበር።

«ስልክሽን አምጪ» አለች። «የኔ ሲጮኽ ያንቺም እንዲጮኽ አድርጌ ልስጥሽ። ሌሊት ቢጮኽ ግን ልጅሽን ይቀሰቅስብሻል።»

«እሷ መቼ ተኝታ ታውቃለች?»

«እንግዲያው ጥሩ» አለች ካይሱ፣ ብርድ ልብሱን እየሰበሰበች። «አሁን ድንቹን ጣጂ፤ ራበኝ።»