የባቻ ድንጋይ

መገርሳ በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። መስኮቱ ላይ የሙሽሮች ፎቶ ደርድሮ «ነፍስ ያለውን ሁሉ አነሣለሁ» ይላል። ጉራ ይወዳል፤ ጉራው ግን ባዶ አልነበረም።

አክስቱ አዳዳ ወርቂቱ ነፍስ የሌለውን አንሣልኝ አሉት። ዲጋ አጠገብ ያለው ድልድይ መሠረቱ ሲጣል፣ ባላቸውን ባቻን ደራሽ ውኃ ወስዶት ሬሳው ሳይገኝ ቀርቷል። ጓደኛው ግንበኛው ደረሳ፣ ወንዙ እንደገና ሲገደብ፣ የባቻ ከብቶች የሚተኮሱበትን ምልክት በመሠረቱ ድንጋይ ላይ ቀረጸለት። ከዚያ ውኃው ተለቀቀበት። ይኸው ስንት ዓመት፣ ወርቂቱ እርማቸውን አላወጡም። መቃብር የሌለውን ሰው የት ቆመው ያልቅሱት?

«ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ድንጋዩን አሳየኝ» አሉት።

«አዳዳ፣ ከጥር አያልፍም» አለ፣ ውኃ ውስጥ የሚያነሣበትን ካሜራ እንኳ ሳይገዛ።

የጉራጌው ነጋዴ ጋሼ ተረፈ ሁለት ካሜራ አወጡለት። አንዱ አፉ እንደ ወናፍ የሚዘረጋ ትልቅ፣ ሌላው መዳፍ ውስጥ የሚገባ።

«አንተን የሚያህል ባለሙያ አሻንጉሊት ይገዛል?» አሉና ትልቁን ገፋ አደረጉለት።

«ጋሼ፣ ትልቁ ለሙሽራ ነው። ትንሿን በሁለት ጣት አጠነጥናታለሁ። ውኃ እንዳይነካት የምትገባበት ማደሪያም ትንሽ ይበቃታል፤ ማደሪያው ባነሰ ቁጥር ውኃ የሚገባበትም ያንሳል።»

ማደሪያውን የሚሸጥ ስላልነበረ ራሱ ሠራው። ከአሮጌ መኪና ከመነዳሪ ከረጢት አበጀ፤ ፊቱ ላይ መስታወት፣ ጎኑ ላይ ጣቱን የሚሰድበት የሐኪም ጓንት ገጠመ፤ መጋጠሚያውን ሁሉ በሰም ደፈነ። ካሜራዋን ግን አላስገባም፤ ሞኝ አይደለም። በሶ ሞልቶ ወንዝ ውስጥ ከተተው። ሲያወጣው በሶው ተበጥብጧል።

«ለስንቅማ ግሩም ዕቃ ነው!» አሉ ጋሼ ተረፈ።

መገርሳም አብሮ ሳቀ። ሰሙ በቀዝቃዛው ውኃ ደርቆ መሰንጠቁን አይቷልና፣ ሌላ ሰም ከቅቤ ጋር አቅልጦ ደፈነበት። በማግሥቱ እንደገና ወንዝ ከትቶ ሲያወጣው በሶው እፍ ሲሉት ቦነነ።

በጥር ወንዙ ጎድሎ ጠራ። አየር የያዘ ነገር ይንሳፈፋልና ከረጢቱ ላይ ድንጋይ አስሮ ጠለቀ። እየወጣ እየገባ ፊልሙን ጨረሰ። ከሁሉም አንዷ ብቻ ወጣች፤ ግን እንዴት ያለች ፎቶ! ሁለት ጭረትና አንድ ቀለበት ድንጋዩ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ፎቶ አንሥቶ አያውቅም። ሙሽሮቹን ወዲያና ወዲህ ገፍቶ የመስኮቱን መሃል አስለቀቀላት፤ የነቀምቴ ሰው ቆሞ እንዲያያት ቸኮለ። አስቀድሞ ግን ለአክስቱ ይዞላቸው ሄደ።

ወርቂቱ ምልክቱን በጣታቸው ተከተሉት።

«ዱጋ! እውነት ነው፣ የላሞቻችን ነው» አሉ። ከዚያ እንባቸው ወረደ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ያን ሁሉ ዓመት የታመቀው ለቅሶ ያን ቀን ወጣ። ሲበቃቸው ፊታቸውን ጠርገው ፎቶዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሏት።

«በል ኢልማኮ፣ ከአባቱ መቃብር ጎን ቆፍርልኝ። ባቻን ልቅበረው።»

መገርሳ ያስለቀቀው የመስኮቱ መሃል ትዝ አለው። ቢሆንም ሌላ ቅጂ የሚታተምበትን ፊልም ከኪሱ አውጥቶ ከፎቶዋ ጋር ሰጣቸውና አካፋ ፍለጋ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ደንበኞቹ በሙሽሮቹ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ እያዩ፣ ለምን ፎቶ እንደማይሰቅልበት ይጠይቁታል።

«የባቻ ነው» ይላቸዋል።