ከቶጎጫሌ ሐረር፣ ስም ማንበብ ባቃታት መኪና

ቶጎጫሌ የሄድኩት ጅግጅጋ ላለው ሱቄ የልጆች ልብስ ላመጣ ነበር። እማዬ ሐረር ሆስፒታል ተኝታ የእንቅርት ቀዶ ሕክምናዋን ትጠብቃለች። ቀኑ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው ተብለን ሳለ ድንገት ደወለችና «ነገ ጠዋት ነው አሉኝ» አለች። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው ድምጿን ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድሞ ነግሮናል።

«ድምፄ ከተረፈ ራሴ እደውልልሃለሁ። ዳዊት ከደወለ ግን…» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ዳዊት ታናሽ ወንድሜ ነው፤ አጠገቧ ሆኖ የሚያስታምማት እሱ ነው። ሲነጋ ልብሱን መኪናዋ ላይ እንደነገሩ ወርውሬ ለመነሳት ተቻኮልኩ።

ቶጎጫሌ

የሱቅ ጎረቤቴ አብዲ፣ ሽቶ ነጋዴው፣ አብሮኝ ነበር። ላሆ የሚሉትን የሶማሌ ቂጣና የግመል ወተት ሻይ ሳይቀምስ አልንቀሳቀስም አለ። እሱ ተደላድሎ ሲበላ እኔ ቁልፉን በእጄ እያሽከረከርኩ ቆሜ ጠበቅሁት። ጭነት መኪኖቹ መንገዱን ሳይዘጉት መውጣት ነበረብን።

ከከተማው እንደወጣን ስልኬ ጠራ። መኪናዋ ከዱባይ የመጣች ናት፤ የሚደውለውን ሰው ስም በስክሪኗ ታሳያለች። ዐረብኛም እንግሊዝኛም ታውቃለች፣ የእኛን ፊደል ግን አታውቅም። በአማርኛ የመዘገብኩት ስም ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይደረደራል። እስከዚያ ቀን ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ስልኩን አብዲ ነበር የያዘው። «ማነው?» አልኩት።

ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ ደግሞ አራቀው። «ዋርያ፣ እኔ ይሄን ፊደል የት አውቄ! ሐርጌሳ ነው የተማርኩት። አማርኛ ያወቅሁት ገበያ ነው።»

ስክሪኑን ተጭኜ አነሳሁት። አንዲት ደንበኛዬ ናት፣ የልጅ ጫማ መጥቶ እንደሆነ ትጠይቃለች። ያለ ጥፋቷ ጮኽኩባት።

ኬላው

ፈታሾቹ ልብሱን እየገለባበጡ ሳለ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልቻልኩም። ስልኩን ከመኪናዋ ላይ ሰርዤ በብሉቱዝ እንደ አዲስ አገናኘሁት። ስሞቹን ላስተላልፍ ወይ ሲለኝ ፈቀድኩ። ትንሽ አሽከረከረና ዝርዝሩ መጣ። በላቲን የጻፍኳቸው የሶማሌ ጎረቤቶቼ ሁሉ ከነቅጽል ስማቸው ተደርድረዋል። ቤተሰቤ ግን አሁንም ሳጥን ነው። የጅግጅጋን ነጋዴ ሁሉ አውቃ እናቴን አለማወቋ አናደደኝ፤ መሪውን በጥፊ መታሁት።

«ምን አደረገችህ?» አለ አብዲ።

ጅግጅጋ

የነዳጅ ሰልፉ ረጅም ነበር። አብዲ እዚህ መውረድ ነበረበት፤ ሱቁ ቅርብ ነው። በሩን ከፍቶ አየኝና መልሶ ዘጋው። «እንዲህ ሆነህ ብቻህን አትነዳም» አለ።

ሰልፉ ላይ ሳለን መላ አመጣ። «በላቲን እንጻፈው። አንተ አሳየኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«ይሄ ዳዊት ነው» አልኩት፤ ጻፈ። «ይቺ እማዬ ናት» አልኩት፤ ጻፈ። ወዲያው ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላ ያሉት ጥሩምባቸውን አምባረቁብኝ። የቀሩት ስሞች እንዳሉ ቀሩ። አብዲ ስልኩን ከመኪናዋ ጋር መልሶ አገናኘው፤ ምን ብሎ እንደጻፈ አላየሁም።

ካራማራ

ዳገቱ ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ከፊቴ አንድ ጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል፤ ማለፍ አይቻልም። በዚህ መሃል ብትደውልስ? ጥግ ላይ ያለችውን የኔትወርክ ምልክት ሳይ መንገዱን ስቼ አብዲ «ዋርያ!» ብሎ መሪውን ያዘብኝ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑን በመዳፉ ሸፍኖ ሄደ።

ባቢሌ

ለውዝ ሻጮቹ ጋ ቆምን። አንዲት ሴት በመስኮት «ቅመስ፣ ወንድሜ፣ ዛሬ የተቆላ ነው» ብላ እፍኝ ሰጠችኝ። ሳልቀምሰው ስልኩ ጠራ። ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ተጻፈ፦ ዳዊት።

አላነሳሁትም። ለውዙን እንደጨበጥኩ ጥሪው እስኪያቋርጥ አየሁት። አብዲም አላነሳውም፤ እማዬ ያለችውን መንገድ ላይ ነግሬው ስለነበር እሱም ገብቶታል። ድምጿ ጠፍቷል ብዬ እንባዬ መጣ።

ወዲያው እንደገና ጠራ። በላቲን ፊደል «ሆዮ» ይላል። ጅግጅጋ ለኖረ ሰው ቃሉ ባዳ አይደለም፤ በሶማልኛ እናት ማለት ነው። አብዲ ዘሎ ተጫነው።

«ለምንድን ነው የማታነሳው?»

የሻከረ ነው፣ የቀጠነም ነው፣ ግን የእሷ ድምፅ ነው። መኪናዋን ሞላው።

«ዳዊት ሲደውል… ፈርቼ…»

«እኔ ነበርኩ እኮ! የእኔ ስልክ ቻርጅ ላይ ስለነበረ በእሱ ደወልኩልህ።»

አብዲ እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። እኔ ማልቀሴን አልደበቅሁም።

መመለሻ

ሐረር ስገባ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ፣ አንገቷ ላይ ፋሻ ተደርጎላት አገኘኋት። ከሆስፒታል ስትወጣ እኔ ዘንድ እንድታገግም ወደ ጅግጅጋ ይዣት ተመለስኩ፤ አብዲም ሊያመጣት አብሮኝ ሄዶ ነበር። መንገድ ላይ ዳዊት ያስያዘንን የመድኃኒት ፌስታል ስትፈትሽ ስልኳን ሳታውቀው ነክታ ወደ እኔ ደወለ፣ የመኪናዋም ስክሪን በራ።

«ይሄ ምን ይላል?» አለች።

«አንቺ ነሽ፣ ሆዮ» አለ አብዲ ከኋላ ወንበር።

የሌሎቹን ስሞች አሁንም አላስተካከልኩም። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ስም ለማንበብ ስታገል ውዬ፣ ያነበብኩት ስም የእናቴን ጥሪ እንዳላነሳ አደረገኝ። አሁን ሳጥኖቹ ሲደረደሩ ማን እንደሆነ አልገምትም። አነሳና «ሃሎ» እላለሁ።