ድንቢጧ የመረጠችው ታፔላ

አባቴን የነጠቀችኝ ድንቢጥ ናት። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ባለቤቴማ ለእህቶቿ በሙሉ ደውላ አውርታዋለች። ይሳቁ። በራሳቸው ሲደርስ ያዩታል።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ነበር ማለት ስለሚከብደኝ ነው ብዬ ልለፈው። ሱቁን ለእኔ ከለቀቀ ቆይቷል፤ እናቴ ካረፈች ወዲህም ከእኛ ጋር ኑር ብንለው አሻፈረኝ ብሎ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻውን ይኖራል። ጠዋት ጠዋት ተላጭቶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ግድግዳውን እየታከከ ይመጣና ሱቄ በር ላይ ወንበሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ብዙ አያወራም። እኔም አላወራም፤ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ። ግን እዚያ ነው። ደንበኛ ሲገባ "ጤና ይስጥልኝ ጋሼ" ብሎት ያልፋል፣ እኔም የማን ልጅ እንደሆንኩ ይታወቅልኛል።

ከሱቄ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የመርፌ ሱቅ ነው። መርፌ ስሙ አይደለም፤ ቅጥነቱ ያወጣለት ነው። እሱም ልብስ ሰፊ ነው፤ ያስተማረውም አባዬ ነው። እናትም አባትም አልነበረውም፤ አክስቱ እጁን ይዛ አምጥታው "ሙያ ያስይዙልኝ" ብላ ትታው ሄደች። እኔና እሱ በአንድ መኪና ላይ በተራ እየተቀመጥን፣ በተራ ቁጣ እየቀመስን አደግን። ራሱን ሲችል ስንት ሰፈር እያለለት መጥቶ ከጎኔ ተከራየ። አባዬ "ጎሽ፣ ደግ አደረግህ" አለው። እኔ "ወፍ ዘራሽ" አልኩት፤ በልቤ ነው ታዲያ።

የአባዬን ጠባይ ላስረዳ። ልብስ ሰፍቼ ስጨርስ ይቀበለኝና ይገለብጠዋል። እሱ ዘንድ ልብስ የሚመረመረው በውስጡ በኩል ነው። ስፌቱን ወደ ብርሃን ያዞራል፣ አንዴ ከላይ እስከ ታች ያየዋል፣ ከዚያ "ይለበሳል" ይላል። አለቀ። ፀጉሬ እስኪሸብት ድረስ ከአባቴ አፍ የሰማሁት ምስጋና ይኼው ነው፤ ይለበሳል። ሰሞኑን ደግሞ ማየቱንም ተወው። ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ እጁን ይዘረጋል፣ በአውራ ጣቱ ስፌቱን ይዳብሰዋል፣ "ይለበሳል" ብሎ ይመልስልኛል። ዞር እንኳ አይልም። ናቀኝ አልኩ። አንድ ኮት ላይ ወገቤ እስኪቆረጥ ጎብጬ ውዬ፣ አባቴ እንደ ድንች ዳብሶ ሲመልስልኝ ምን ልበል?

በዚህ መሃል ነው ድንቢጧ የመጣችው። አንድ ጠዋት በበሩ ገብታ ከመኪናዬ ሥር ከወዳደቀው ክር ሰማያዊውን መርጣ በአፏ ይዛ ወጣች። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ወፍ ስትደፍርህ ደስ ይላል፤ ለሰው የማታሳየውን እምነት ለአንተ ያሳየችህ ይመስልሃል። በማግስቱ ስትመጣ ዝም አልኳት፣ በሦስተኛው ቀን ረዘም ረዘም ያለውን ክር እየለየሁ መንገዷ ላይ አስቀመጥኩላት። የኔ ወፍ አልኳት።

ከዚያ የመርፌ ድምፅ ተሰማ። "ጋሼ! ጋሼ! ይምጡማ፣ ታፔላዬ ላይ ተከራይ ገብቶብኛል!"

አባዬ ተነሣ። ወንበሩን አጥፎ በብብቱ ያዘና ወደዚያ ሄደ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ፤ ምሳ ሰዓት ሆነ፣ አልተመለሰም። በማግስቱ ጠዋት በሬን አልፎ በቀጥታ እዚያው ሄዶ ተቀመጠ።

ወጥቼ አየሁ። በመርፌ ታፔላና በግድግዳው መካከል ባለችው ስንጥቅ የክር ጫፍ ተንጠልጥሏል። ሰማያዊው የኔ ዩኒፎርም፣ የወይን ጠጁ የሚዜዎቹ ቀሚስ፣ ወርቃማው የሆቴሉ መጋረጃ። ሁሉም ከእኔ ወለል ላይ የተለቀመ ነው። ክሩ የኔ፣ ጎጆው የሱ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት!

ግድግዳው ስስ ስለሆነ ወሬያቸው ይሰማኛል።

"ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ቢጫ ክር ይዛ መጣች።"

"ሰካችው?"

"እየሰካችው ነው፣ በግራ በኩል። እዚያ ጋ ሳስቶባት ነበር።"

"እጇን ይባርከው።"

ሰማችሁ? ለእኔ ይለበሳል፣ ለድንቢጥ እጇን ይባርከው! ያን ቀን የአንድ መምህር ኮት ላይ የግራውን እጅጌ በቀኝ በኩል ገጠምኩት። ሰውዬው መጥቶ ሲለብሰው ሁለቱም እጆቹ ወደ ኋላ ዞሩ፤ ፖሊስ የያዘው መሰለ። አልሳቅሁም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። "እንግዲህ አንተም ክር በአፍህ ይዘህ ብረር" አለችኝ።

እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ከእኔ ታፔላ ሥር ትንሽ የእንጨት ሳጥን በሚስማር መታሁ። ክር ቆራርጬ፣ የዳቦ ፍርፋሪ በትኜ፣ በጠርሙስ ክዳን ውኃ አደረግሁ። መጣች። ፍርፋሪውን በላች፣ ውኃውን ጠጣች፣ ከክሩ ጥሩ ጥሩውን መረጠችና ወደ መርፌ በረረች። እንደዚህ ያለ ዓይን አውጣ አይቼ አላውቅም። ሳጥኑን በየቀኑ እየተንጠራራሁ አያለሁ፤ ወፍ የለም። ከዚያ ለአባዬ ከተረፈኝ ምርጥ ጨርቅ ለወገቡ ትራስ ሰፋሁለት። ለዚህ እንኳ ይመለሳል ብዬ ነው። በአውራ ጣቱ ዳበሰና "ይቀመጡበታል" አለኝ። ትራሱን ይዞ ወደ መርፌ ሄደ።

አንድ ቀን ጨከንኩና በግልጽ ጠየቅሁት። "አባዬ፣ እዚያ በኩል ፀሐዩ አይበረታብህም?"

"ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ እኮ" አለኝ። "እንዴት ጥያቸው ልምጣ?"

እኔንስ? አላልኩትም። እንዴት ይባላል? እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሶ፣ ልጅ ድሮ፣ አባቴ ከጫጩት አሳነሰኝ ተብሎ አይከሰስም። መኪናዬን እንደ ጠላት ረገጥኳት።

በመጨረሻ ቆረጥኩ። ጎጆውን እንዳለ አንሥቼ ወደ እኔ ሳጥን አዛውረዋለሁ። አልገድላቸውም፣ አረመኔ አይደለሁም፤ ቤት ነው የምቀይርላቸው። እነሱ ከመጡ አባዬም ይመጣል። መርፌ ምሳውን የሚበላው ቤቱ ነው፤ እሱ ሲሄድ አባዬ በተቀመጠበት ሸለብ ያደርገዋል። ከሱቄ በርጩማ ይዤ ወጣሁ፤ አባዬ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሏል። ቀስ ብዬ ቆምኩበትና እጄን ስንጥቋ ውስጥ ሰደድኩ።

ባዶ ነው። ጭራሮው ደርቋል፣ ክሮቹ አቧራ ጠጥተዋል፣ በአፉ ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታበታለች። ወፍ ከለቀቀው ሰንብቷል። ግን የዚያኑ ዕለት ጠዋት በግድግዳው በኩል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ "ጋሼ፣ እናትየዋ መጣች፣ ትል ይዛለች፣ ትንሹ አፉን ከፍቶላታል!"

ያዝኩህ! አልኩ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ይህ ቀጣፊ መርፌ ሽማግሌውን እያታለለ ነው ለካ፤ ዛሬ ጉዱ ይወጣል። ከበርጩማው ዘልዬ ወረድኩ። ኮቴዬ አባዬን ቀሰቀሰው። ፊት ለፊቱ፣ እጁን ቢዘረጋ በሚነካኝ ቦታ፣ በቀትር ፀሐይ ቆሜያለሁ። ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ።

"መርፌ? ቶሎ በልተህ መጣህ?" አለኝ።

እጄን ከፍ አድርጌ በዓይኑ ፊት አንዴ አሳለፍኩት። ሽፋሽፍቱ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ አውራ ጣቱ ገባኝ፤ ግድግዳውን እየታከከ መምጣቱም ገባኝ። መርፌ ያውቃል። እኔ የአብራኩ ክፋይ አላውቅም።

"እኔ ነኝ አባዬ።"

"ኦ፣ አንተ ነህ?"

"ዓይንህ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

የሸሚዙን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። "ታይቷል እኮ፤ አይመለስም ብለውኛል። መርፌ ነው ሐኪም ቤት የወሰደኝ።"

"ለምን እኔን አልጠየቅኸኝም?" ድምፄ ከፍ አለ።

"አንተማ መኪናህ ላይ ነህ። ሁለቴ ጠራሁህ፤ አልሰማኸኝም።"

ምን ይባላል? ማፈር ሲገባኝ ቅናቱ ቀደመኝ። "መርፌ ይዋሽሃል እሺ! ጎጆው ባዶ ነው። ወፍም ጫጩትም የለም፣ አሁን በእጄ ዳብሼዋለሁ!"

አባዬ ሳቀ። "የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ መቼ ጠፋ? ጫጩት ያለ ጫጫታ ይበላል እንዴ? ከሄዱ ቆዩ።"

"ታዲያ እያወቅህ ምን ያስቀምጥሃል እዚህ?"

"እሱ ያወራኛል።"

በርጩማዬን ስቤ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሱቄ ውስጥ የሚጠብቀኝ ሥራ አለ፤ ይጠብቅ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና "አንዲት ሴትዮ እየመጣች ነው" አልኩት።

"እሺ።"

"ቀይ ኮት ለብሳለች።"

"እሺ?"

"አለፈች።"

"ኧረ አንተ ልጅ! መርፌ ቢሆን እኮ—"

"መርፌን ተወው!" አልኩት፤ መንገደኛው ሁሉ ዞረ። የሚነገር ነገር ፍለጋ ዓይኔን ላክሁ። ከዚህ በፊት መንገዱን እንዲህ አይቼው አላውቅም። እዚያ ማዶ፣ ከሥጋ ቤቱ ጣሪያ ላይ አንድ ቁራ ቆሟል። "አባዬ፣ ቁራ አለ። በአፉ ነገር ይዟል።"

"ምን?"

"ቆይ... ካልሲ ነው!"

"የማን?"

"የባለሥጋ ቤቱ ሳይሆን አይቀርም፤ የልብስ ማስጫ ገመዱ ላይ አንድ እግር ካልሲ ብቻ ቀርቷል። ይኼው ሰውዬው ወጣ። ቀና ብሎ ያየዋል። ቁራውም ያየዋል። ቢላውን እያወዛወዘ ውረድ ይለዋል።"

"ወረደ?"

"ምን ይወርዳል! እንዲያውም ራመድ ራመድ እያለ ወደ ጣሪያው ጫፍ መጣ፤ እንካ የሚለው ነው የሚመስለው። ጭራሽ ተረከዙ ጋ ቀዳዳ አለው፣ መንገዱ በሙሉ እያየበት ነው!"

አባዬ እስኪያስለው ሳቀ። እጁን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገ። "ከዚያስ? ከዚያስ?"

መርፌ ጥርሱን እየጎረጎረ ከምሳ የተመለሰው ይኼኔ ነው። "ጋሼ፣ ምን አመለጠኝ?" አለ፣ ከሩቁ እየሳቀ።

አባዬ እጁን አነሣበት። "ዝም በል እስቲ! ልጄ እያወራኝ ነው።"

መርፌ በቆመበት ቀረ። አፉ እንደ ሳቀ ነው፣ ዓይኑ ግን የአባዬ እጅ ጉልበቴ ላይ መሆኑን አየ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ በዚያ ሰሞን ስላጭ መስታወቴ ውስጥ የማየው የራሴ ነው። አሳዘነኝ ብል ደስ ባለኝ። አላሳዘነኝም፤ አንጀቴ ነው የራሰው።

"ከዚያስ?" አለ አባዬ።

ቁራው ካልሲውን ጥሎ ሄዷል። ባለሥጋ ቤቱም አንሥቶት ገብቷል። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

"ከዚያማ" አልኩት፣ "ሁለተኛ ቁራ መጣ።"