የዘይነብን ፊት ፍለጋ ወደ ከላላ

ከመካነ ሰላም የተነሳሁት ሱብሒ ሰግጄ ነው። ጉዳዬ አንድ ነው፤ የልጄን የዘይነብን ስልክ ማግኘት። ዘይነብ በወሊድ ወደ አኼራ ሄደች። ልጇ ሀያት በአላህ ቸርነት ተርፋ እኔ ዘንድ ታድጋለች። ሰሞኑን “እናቴ ምን ትመስላለች?” ማለት ጀምራለች።

ያለን አንድ ፎቶ ነው፤ ዘይነብ ሰርግ ላይ ከሴቶች መሀል ቆማ በስልኳ የተነሳችው፣ ያኔውኑም ለወንድሟ የላከችው። ከጉዞው በፊት ፎቶ ቤት ወስጄው ነበር። ባለቤቱ ተስፋዬ ፊቷን ለይቶ ሲያሳድገው የደበዘዙ አራት ማዕዘኖች ወጡ። አገጯ ላይ የነበረችው ጥቁር ምልክት የለችም።

“ምልክቷን የት አደረስካት?”

“እኔ አልነካኋትም እትዬ ፋጡማ። ካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ትንሽ ገበታ አለ፤ ላዩ በነጥብ የተሞላ ነው። አንዷ ነጥብ የምትቀበለው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ወይ ቀይ፣ ወይ አረንጓዴ፣ ወይ ሰማያዊ። የጎደሏትን ሁለቱን ካሜራው ከጎረቤቶቿ ገምቶ ይሞላላታል።”

“ግምት ነው በለኛ።”

“ግምት ነው። ከቅርብ ለተነሳ ፊት ጉዳት የለውም። እሷ ግን ከሩቅ ነው የቆመችው። በዚያ ላይ ሲላክ ፎቶው አንሷል፤ ብዙው ነጥብ አንድ ሆኗል። ምልክቷን የዋጧት ጎረቤቶቿ ናቸው። ዋናው፣ የተነሳበት ስልክ ላይ ያለው፣ ቢገኝ ይሻላል።”

ስልኩን ደግሞ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ከልብሷ ጋር ሶደቃ አውጥተነዋል። የደረሰው ከከላላ ወዲያ ልጆችን ቁርኣን ለሚያቀሩት ለሸህ ሰይድ ነው።

መንገድ ላይ

የከላላ ገበያ ቀን ስለነበር መኪናው በሰውና በጆንያ ታጭቋል። አንዱ በግ በመንገዱ ሁሉ እግሬ ላይ ተኛ።

“እናቴ፣ ምን ሊሸጡ ነው?” አለኝ ረዳቱ።

“ባዶ እጄን ነኝ።”

“ባዶ እጁን ገበያ የሚወጣ ባለሥልጣን ብቻ ነው!”

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በመስኮቱ የታጨደ የጤፍ ማሳ፣ ከዚያ ገደል፣ ከዚያ አቧራ ብቻ ይታያል። ከላላ ወርጄ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በበቅሎ አደረሱኝ። አላህ ይስጣቸው፤ ኪራይ አልተቀበሉኝም።

ሸህ ሰይድ ዘንድ

እርጎና ቆሎ አቀረቡልኝ። ስልኩን ከኪሳቸው ሲያወጡ አወቅሁት፤ የዘይነብ ሰማያዊ ልባሱ አሁንም አለ።

“ሸህ፣ ውስጡ የልጄ ፎቶ ነበር።”

ስልኩን እያገላበጡ፣ “የሴቶች ፎቶ አለበት ሲሉኝ፣ ዓይኔ እንዳያርፍበት ሁሉንም አስጠፋሁት” አሉ። “ወላሂ አንዱንም አላየሁም። የሟቿን አማና የጠበቅሁ መስሎኝ።”

ልጄን ባከበሩበት እጅ ነው ያጠፉብኝ። የሌላ ሴት ልጅ ብትሆን ደግ አደረጉ ባልኩ።

“አላህ ይቀበልዎ” አልኩ። አፌ ሬት ሆነ።

“ስልኩን እንኳ ውሰጂው” ብለው ዘረጉልኝ።

“ሶደቃ አይመለስም ሸህ።”

ረጅም ዱዓ አደረጉልኝ። አሚን አልኩ። አድሬ ተመለስኩ።

መካነ ሰላም

ተስፋዬ ነገሩን ሲሰማ አዘነ። “አብሽሪ፣ አንድ መላ አለ” ብሎ ኮምፒውተሩን ነካካ። ደብዛዛው ጠራ። ዓይኗ ያማረ፣ ቆዳዋ የለሰለሰ ሴት ወጣች። አገጯ ንጹሕ ነው።

“ይህቺ ማናት?”

“ኮምፒውተሩ የገመታት ዘይነብ።”

“እኔ የወለድኳት አይደለችም።”

“ሕፃኗ በምን ታውቃለች እትዬ?”

“እኔ አውቃለሁ። እናት ለሌላት የቲም ውሸት አልሰጥም። የሰርጉን ፎቶ እንዳለ፣ በትንሹ አትምልኝ።”

አተመልኝ። እንደ በቅሎ ባለቤቶቹ እሱም ዋጋ አልተቀበለኝም። አላህ በጎ ሰው አላሳጣኝም፤ ያጣሁት ልጄን ነው። የዚህ መንገድ ትምህርቱ ቢኖር ይህ ነው፦ ሰውን ቀርቦ ማየት በሕይወት ሳለ ነው። በኋላ የሚጨመረው ሁሉ ግምት ነው።

ቤት ስደርስ ሀያት ደጅ ላይ ጠበቀችኝ። ፎቶውን ሰጠኋት።

“የቷ ናት?”

“ከመሀል የቆመችው።”

“ይህቺ?” አለች፣ ጣቷን አሳርፋ።

የሕፃን ጣት ናት። የዘይነብን ፊት ግን ሙሉ ሸፈነችው።

“አዎ” አልኳት። “እሷ ናት።”