ሃያ ስምንተኛዋ የጨረቃ ማደሪያ

አያቴ በዓይናቸው ያላረጋገጡትን ኮከብ አይጽፉም ነበር። የአቡሻህር፣ ማለት የዘመንና የከዋክብት ቈጠራ፣ መምህር ናቸው፤ ጨረቃ በየተራ የምታድርባቸውን ሃያ ስምንት ቤቶች ስም በብራና ይዘው፣ እያንዳንዱ ስም መጀመሪያ የየትኛው ኮከብ እንደነበረ ሲፈልጉ ኖሩ። ያልተገኘችላቸው የሃያ ስምንተኛዋ ኮከብ ብቻ ነበረች።

ደብረ ማርቆስ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ ሕንዳዊ ወዳጅ ነበራቸው። «በእኛ አገር ቤቶቹ ሃያ ሰባት ናቸው፤ ጥንት ግን አንዲት ሌላ ነበረች ይባላል» አላቸው። አያቴ የዚያች ቤት ኮከብ የትኛዋ እንደሆነች ወደ አገሩ ጽፎ እንዲጠይቅላቸው ለመኑት።

ጣሊያን ገብቶ፣ ከመሸ በኋላ ደጅ መውጣት ሲከለከል፣ በሰሜን በኩል የቤታችንን ክዳን ነቅለው ሰማይ የሚያዩበት ቀዳዳ አበጁ።

«አባባ፣ ዝናብ ሊያስገቡብን ነው?» አልኋቸው።

«ዝናቡ ሰኔ ነው፤ ኮከቢቱ ግን የምትታየው አሁን ነው።»

በሚያዝያ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ቀስቅሰው በቀዳዳው ደማቅ ነጭ ኮከብ አሳዩኝ። «እሷ ትመስለኛለች» አሉ።

«ታዲያ ይጻፏት!»

«መምሰልና መሆን ለየቅል ናቸው፣ ልጄ።»

ግንቦት ላይ ታመው ዐረፉ። በብራናው ላይ የሃያ ስምንተኛዋ ቦታ ባዶ ቀረ።

አርባቸው ሳይወጣ ሕንዳዊው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከአገሩ የደረሰውን ደብዳቤ ከኪሱ አውጥቶ፣ «በሰሜን የምትታየዋ ደማቋ ነጭ ኮከብ ናት አሉኝ። ለእሳቸው ልነግር ስቸኩል ቀደሙኝ» አለና አለቀሰ።

እሱ ከሄደ በኋላ ብዕራቸውን አነሣሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ነበሩና ባዶዋን ቦታ ሞላኋት። ቀለሙ እስኪደርቅ መደባቸው አጠገብ ተቀመጥሁ። ትክክል ጻፍሽ፣ ወይም ተሳሳትሽ የሚለኝ ሰው በቤቱ አልነበረም።