ምን አለሽ ተራ ሲመሽ የሚሰማው መዶሻ

ንጋት፣ ኮምቦልቻ

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። አውቶቡሱ ግን መች ይነሳል! ሾፌሩ ሻዩን ያማስላል፤ ረዳቱ "አንድ ሰው የቀረው!" እያለ መንደር ሙሉ ይጭናል። እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከማል አዲስ አበባ፣ ምን አለሽ ተራ፣ አሮጌው የዘይት ፋብሪካ ግንብ ሥር ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ ምድጃ ይሠራል። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። አሁን ቦታው ለፎቅ ተፈልጎ ግንቡም ሱቆቹም እየፈረሱ ነው። ወደ ቤትህ ና ብዬ ብለምነው "አልችልም" አለኝና ስልኩን ዘጋ። የፈረሰ ሰፈር ውስጥ ብቻውን ምን ያደርጋል? ጎትቼ ላመጣው ነው የምሄደው።

እኩለ ቀን፣ ጣርማ በር

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ። ጣርማ በር ስንደርስ ጉም ዋጠን። ዋሻው ውስጥ ገባን። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ "እትዬ፣ ለሠርግ ነው ለለቅሶ?" አለኝ።

"አታሟርትብኝ!" አልኩት።

አመሻሽ፣ መርካቶ

አውቶቡስ ተራ ስወርድ ተሸካሚው ለአንዲት ሻንጣ የበግ ዋጋ ጠራብኝ። ተሳድበን ተለያየንና ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ። ምን አለሽ ተራ ደረስኩ። ድሮ ልጠይቀው ስመጣ ከመዶሻው ጩኸት የተነሳ በእጅ ምልክት የምናወራበት ቦታ ጭጭ ብሏል። ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል። አጥሩ ላይ የሚሠራው ፎቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ መስታወት በመስታወት ነው። ከፎቁ ሥር ቦርሳ የያዙ የተሣሉ ሰዎች ይሄዳሉ። ጥላ የላቸውም።

"እትዬ፣ አይገባም" አለኝ ካፖርት የደረበው ዘበኛ።

"ወንድሜ እዚህ ነው።"

"ወላሂ ውስጥ ሰው የለም። ሲመሽ ግን ብረት ይመታል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ይህን አጥር አላልፍም።"

ወዲያው ተሰማ። ቋ... ቋ... ቋ። ዘበኛው ፊቱን አዞረ፤ እኔ "ቢስሚላህ" ብዬ ገባሁ።

የተናደ ግንብ፣ የዛገ በርሜል፣ የተገነጠለ በር። በመሀሉ ጣሪያ የሌላት አንዲት ሱቅ ቆማለች። ከማል ውስጧ ተቀምጦ ባዶ ብረት ይመታል። የሚሠራው ምድጃ የለም።

"አንተ! አበድክ እንዴ?"

"እታለም!" ብሎ ጮኸ። አጠገቡ ቆሜም ይጮሃል፤ መዶሻው ያስለመደው ነው። "ጋሽ ይመር ጠፉ!"

ጋሽ ይመር የፋብሪካው የድሮ ሠራተኛ፣ ዓይነ ስውር ጎረቤቱ ናቸው። ማታ ከመስጊድ ሲመለሱ መንገዱን የሚያገኙት የመዶሻዎቹን ድምፅ እየተከተሉ ነበር። ማፍረስ የተጀመረ ዕለት እንደወጡ አልተመለሱም። ከማል ፈልጎ ሲያጣቸው በየምሽቱ መምታት ያዘ።

"ካቆምኩ በምን ይመጣሉ? ነገ ደግሞ ይቺንም ያፈርሷታል።"

ክንዱ ዝሏል። መዶሻውን ነጥቄ እኔው መታሁ፤ አንዴ ብረቱን፣ አንዴ ድንጋዩን። ትንሽ ቆይቶ ከጨለማው የምርኩዝ ኳኳታ መጣ። ቀስ እያለ ቀረበ። እጄ አየር ላይ ቀረ።

"ከማል ምን ሆነ?" አለ የሽማግሌ ድምፅ። "ማነው የሚመታው?"

ጋሽ ይመር ነበሩ። ከማል ዘሎ ተጠመጠመባቸው።

"የእህቴ ልጅ ወስዳኝ ከመስጊዱ ጀርባ ነው ያለሁት" አሉ። "ሰፈሩ ፈረሰ ሲሉኝ አላመንኩም። ገበያው ሲዘጋ እየሰማሁህ፣ ይኸው ከማል አለ፣ ውሸታቸውን ነው እል ነበር። ዛሬ ምቱ የአንተ አልሆነም። ሞተ ብዬ መጣሁ።"

ወይ ጉድ! ሊጠራቸው የመታው መዶሻ ነው ያስቀራቸው።

ከማል እጃቸውን ይዞ ፍርስራሹን አስዳሰሳቸው፤ ድንጋዩን፣ የገዛ ቤታቸውን በር። በሩ ላይ እጃቸው ብዙ ቆየ።

"እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ምን ልስማ?" አሉ።

በማግስቱ፣ መልስ

ከማል ባዶ እጁን ተሳፈረ። መዶሻውንም ብረቱንም ለጋሽ ይመር ትቷል። ኮምቦልቻ ስንደርስ እየመሸ ነበር።

"ግባ እንጂ!" አልኩት። ደጃፉ ላይ ቆሞ ጆሮውን ወደመጣንበት ጣለ።

"እታለም፣ አሁን ጋሽ ይመር እየመቱ ነው" አለኝ። አልጮኸም።

ላሾፍበት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አጠገቡ ቆሜ እኔም ማዳመጥ ጀመርኩ።