ዘጠና ላይ የተጫረው መስመር

የሰፈሩ በያጅ «ሰፊው» ይባላል። ብየዳው እንደ መኪና ስፌት እኩል እኩል ስለሚወርድ ነው እንጂ መርፌስ ይዞ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበርና የመስኮት ቀጭን ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። የማሽኑን የኤሌክትሪክ ኃይል ማዞሪያ ዘጠና አምፔር ላይ በሚስማር ጭሮ ምልክት ካደረገበት ወዲህ ነክቶት አያውቅም። ማዞሪያ የሚነካካ በያጅ እጁን የማያምን ነው ባይ ነው፤ ኩራት ሲቆይ እውቀት ይመስላል መቼም።

ልጁ ሙያ ተምራ ፋብሪካ ውስጥ የብየዳ መርማሪ ሆናለች። ቅዳሜ ልትጠይቀው ስትመጣ፣ ለሰገነት ድጋፍ የሚሆን ጣት የሚያህል ወፍራም ብረት በዚያው በዘጠና ሲበይድ አገኘችው።

«አባዬ፣ ለዚህ ውፍረት አያንስም? ላዩ ያምራል፣ ሥሩ ግን ላይቀልጥ ይችላል።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!»

«እሺ፣ አንድ ቁራጭ በይድና እንምታው።»

ሊያሳፍራት በየደ፤ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰረና ራሱ በመዶሻ መታው። በሦስተኛው ምት ቀጭ አለ። ያ የሚያምር ስፌት እንዳለ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ከሥሩ ያለው ብረት ስላልቀለጠ የመፍጫው ጭረት እንኳ አልጠፋም። ልጅቱ ማዞሪያውን መቶ ሠላሳ ላይ አድርጋ ሌላ በየደች። ፍንጣሪው በዛ፣ መልኩም አላማረም። ሰፊው ላብ እስኪያጠምቀው ደበደበው። ብረቱ ጎበጠ እንጂ መገጣጠሚያው ንቅንቅ አላለም።

መዶሻውን አስቀመጠ። አምና ለታላቅ እህቱ የሠራላት ሰገነት ትዝ አለው። የእሱም ድጋፍ ይኸው ወፍራም ብረት ነው፤ የበየደውም በዘጠና ነው። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

አባትና ልጅ እየሮጡ እህቱ ቤት ሲደርሱ፣ እሷ ሰገነቱ ላይ ወንበር አውጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ከታች ጎረቤቶች ቆመው ያወራሉ።

«እትዬ፣ ወንበሩን ተይውና ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ግቢ!»

«ምነው? አንተ የሰፋኸው ይወድቃል እንዳትለኝ!» ብላ ሳቀች። ጎረቤቶቹም አብረዋት ሳቁ።

ሰፊው ልጁን አየ፣ ጎረቤቶቹን አየ። አፈረ፤ ደግሞም ቸኮለ።

«ይወድቃል» አለ ጮክ ብሎ። «ብየዳው አልያዘም፣ እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አሮጊቷ የበሩን መቃን ይዛ ቀስ ብላ ገባች። ሰፊው ወንበሩ ብቻውን መቅረቱን አየና፣ ከሰገነቱ ሥር የሚያቆመው ምሰሶ ሊፈልግ ሄደ።